ክፉዎቼ አልተባበር አሉኝ

ክፉ ሰው መፍጠር ቀላል ነው። አይሳቁ፤ የምሬን ነው። አንድ ሰው ይውሰዱ፤ ትንሽ ስስት፣ ትንሽ ቅናት፣ ሲከፈት የሚያቃስት አንድ የብረት በር ይስጡት፤ አለቀ። ክፉው ተፈጠረ። አስቸጋሪው ሁለተኛውን ክፉ ማምጣት ነው። ሁለተኛው ሲመጣ፣ ወዳጄ፣ ሁለቱን ማስማማት ሊኖርብዎ ነው። ደጎችን ለማስማማት እንኳ ስንት ሽማግሌ ይደክማል! ክፉዎችንማ ማን ያስማማቸዋል? ደራሲው ነዋ።

ደራሲዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ነቀምቴ ውስጥ ዕቅድና ሥራ አመራር አስተምራለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ። መጻሕፍቴ በቁመታቸው ይደረደራሉ፤ የማድ ቤት ቅመሞቼ በፊደል ተራ ይቆማሉ። ባለቤቴ ቶለራ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ መድኃኒቶቹን በፊደል ተራ መደርደር ሥራው ስለሆነ ይረዳኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «በመደብሩ ሥራዬ ነው፤ በቤቴ ግን ጨው ፍለጋ እስከ ጸ ድረስ መሄድ ሰለቸኝ» ይላል። ጨው በ ጨ እንጂ በ ጸ እንደማይገኝ ስንት ጊዜ አስረዳሁት!

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ልብ ወለድ ስትጽፍ ምን ዓይነት ክፉዎች የምትፈጥር ይመስልዎታል? ገምተዋል። ቃለ ጉባኤ የሚይዙ ክፉዎች።

ታሪኩን በአጭሩ ላጫውትዎ። ሲፈን የምትባል ልጅ ተምራ ወደ ወለጋ ከተማዋ ትመለሳለች። የአባቷን ወፍጮ ቤት ተረክባ ሥርዓት ታስይዘዋለች፤ ወረፋው በቁጥር ይሆናል፣ እህሉ በዓይነቱ ይለያል፣ ደጁ በኖራ ይሰመራል። ወፍጮ ቤቱን ሊቀሟት የሚፈልጉ ሁለት ክፉዎች አሉ። አንደኛው ደላላው ገመቹ ነው። ሁለተኛው የመጋዘን ባለቤቱ ተሰማ ነው። ገመቹ በወጣትነቱ የተሰማን እጮኛ አግብቶበታል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰላምታ የላቸውም። አሁን ግን ሲፈንን ለመጣል መተባበር አለባቸው። ምክንያቱም እኔ አቅጃለሁ።

ስለዚህ አንድ ሆቴል ውስጥ አገናኘኋቸው። ተጨባበጡ። ተሰማ ጉሮሮውን ጠርጎ «የዛሬው ስብሰባችን ዓላማ» አለ። የትርፍ ክፍፍሉን፣ የሥራ ድርሻውን፣ አለመግባባት ቢፈጠር በምን እንደሚፈታ አንድ በአንድ ተስማሙ። ሲጨርሱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ቆረጡ። እኔም በጣም ረክቼ ረቂቁን አዲስ አበባ ላለው አርታኢ ላክሁ።

አርታኢው ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ጨዋ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲነቅፍ የበለጠ ያማል።

«መምህርት» አለኝ በስልክ፤ «መጽሐፍዎን ወደነዋል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ግን... ሳነባቸው የቀበሌ ስብሰባ የገባሁ መሰለኝ። እጄን አውጥቼ አስተያየት ልሰጥ ምንም አልቀረኝም።»

«ተስማምተዋል እኮ» አልኩት።

«እሱ ነው ችግሩ። ለምን ተስማሙ? ሃያ ዓመት የተኳረፉ ሰዎች ናቸው። እኔ አላመንኳቸውም፤ አንባቢም አያምናቸውም። ይህ ምዕራፍ ካልተስተካከለ ማተም አንችልም። ከክረምት በፊት ካልደረሰ ደግሞ ተራው ለሌላ መጽሐፍ ይሰጣል።»

ለዓመታት ከፈተና እርማት እየሰረቅሁ፣ ከእንቅልፌ እየቆነጠርሁ የጻፍሁት መጽሐፍ ነው። ሁለት የማይታመኑ ክፉዎች ይዘውት ገደል ሊገቡ! ጉድ አይሉም?

መጀመሪያ የአበው ምሳሌ አገላበጥሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። መልካም። ድሩ እንዴት እንደሚያብር ግን አይናገሩም። ቀጥዬ ቶለራን ጠየቅሁት። «ክፉዎች እንዴት ነው የሚተባበሩት?» ብለው፣ «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» አለኝ። ከመድኃኒት ባለሙያ ጋር የኖረ ሰው ይህን ይለምደዋል።

እንዲያው በነገራችን ላይ፣ መልሱ ቀደም ሲል በእጄ ገብቶ ነበር፤ አላወቅሁትም እንጂ። አንድ ቀን ወደ ጊምቢ ልሄድ መናኸሪያ ገባሁ። ሁለት ረዳቶች ሻንጣዬን ያዙ፤ አንዱ በግራ ማንጠልጠያ፣ አንዱ በቀኝ። «ጊምቢ! ጊምቢ!» እያሉ ይጎትታሉ፤ በመሀል በመሀሉ ይሰዳደባሉ። አንዱ የሌላውን መኪና «ፍሬን የለውም» ይላል፤ ያኛው ደግሞ «የአንተ ሾፌርስ ዓይን አለው?» ይላል። ተቆጣሁና «ሁለታችሁንም አልፈልግም፤ ትልቁን አውቶቡስ እጠብቃለሁ» አልኩ። ይመኑኝ፣ ወዲያው ዝም አሉ። ተያዩ።

«አውቶቡሱማ ዴዴሳ ድልድይ ላይ ቆሟል» አለኝ የግራው።

«ጎማው ፈንድቶ» አለ የቀኙ።

«ሁለት ጎማ» አለ የግራው።

«ሾፌሩም አሞታል» አለ የቀኙ፤ እያዘነ።

ይህን ሲናገሩ አውቶቡሱ ከኋላቸው ሰው እየጫነ ነበር። እኔ በንዴት ተሳፍሬ ሄድሁ፤ ትምህርቱን እዚያው መናኸሪያ ጥዬ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው እኔን አይቶ ይመስለኛል።

ወደ ግቢያችን ልመልስዎ። የምንኖረው በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሦስት ቤተሰብ በአንድ የኪራይ ግቢ። በግራችን አዴ ዲንቄ አሉ፤ የከተማው ተወላጅ፣ እርጎና ቅቤ የሚሸጡ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲያንጎራጉሩ አጥር የሚነቃነቅ ሴት። በቀኛችን እትዬ ዘነበች አሉ፤ ወላጆቻቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ጊዳ አያና የሰፈሩ፣ እሳቸው ደግሞ በነዚህ ክፉ ዓመታት ወደ ከተማ የገቡ፣ በርበሬ አድርቀውና አስፈጭተው የሚሸጡ። ሁለቱም ደጎች ናቸው። እርስ በርሳቸው ግን ሰላምታ የላቸውም። ምክንያቱ ዶሮ ነው።

የአዴ ዲንቄ አውራ ዶሮ ስሙ ሞቲ ነው፤ በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ነው። ስሙን ያውቃል። እትዬ ዘነበች በርበሬያቸውን ሲያሰጡ መሀሉን ረግጦ ካልተራመደ ቀኑ የነጋ አይመስለውም። በዚህ ተኳረፉ።

ተኳረፉ ስልዎ ግን ዝም ተባባሉ ማለቴ አይደለም። እንዴት ተደርጎ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ አዴ ዲንቄ ለእትዬ ዘነበች የሚሉትን ሁሉ ለዶሮው ይነግሩታል። እትዬ ዘነበችም መልሱን ለበርበሬያቸው ይሰጣሉ። ድምፃቸው እንደሆነ ከግቢ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። «ሞቲ፣ ከሰው በርበሬ ራቅ፤ አንዳንድ ሰው በርበሬው ከልቡ አይበልጥም።» «በርበሬዬ፣ አንች ዝም በይ፤ ባለቤቱ ያላስተማረውን ዶሮ አንች አታስተምሪውም።» በየማለዳው እንዲህ ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ለሰላም ብዬ፣ ልብ ይበሉ፣ ለሰላም ብዬ፣ የግቢ የጋራ አጠቃቀም መርሐ ግብር አዘጋጀሁ። ውሃ ሲመጣ ማን በየትኛው ቀን ቀድሞ እንደሚቀዳ ለየሁ። ግቢውን በኖራ አሰመርሁ። ዶሮው እስከ እኩለ ቀን ይታሰራል። በርበሬው ደግሞ በምዕራቡ ጥግ ብቻ ይሰጣል። መርሐ ግብሩን በላስቲክ ሸፍኜ ከቧንቧው በላይ ለጠፍሁት። ሁለቱም መጥተው አነበቡት። አዴ ዲንቄ እስኪጨርሱ እትዬ ዘነበች ፊታቸውን አዙረው ተራ ጠበቁ። በግቢያችን ሥርዓት የተከበረው በዚያች ቅጽበት ነበር፤ በዚያችው ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮቴ አጠገብ ሆኜ ያንን የተረገመ ምዕራፍ ስሰርዝና ስደልዝ፣ ከውጭ ድምፅ ሰማሁ። አዴ ዲንቄ ናቸው። ሞቲ በአንድ እግሩ ከግቢው አቮካዶ ግንድ ጋር ታስሯል።

«ሞቲ» አሉት፤ «ልጄ፣ ታሰርክ? ምን አጠፋህ? ጮህክ። ዶሮ ካልጮኸ ማን ይጩህ? ባርሲፍቱ ትጩህ?»

ባርሲፍቱ መምህርት ማለት ነው። እኔ ነኝ።

ከወዲያ ጥግ እትዬ ዘነበች በርበሬያቸውን ያገላብጣሉ። የምዕራቡ ጥግ፣ ለካስ፣ እስከ ቀትር የአቮካዶው ጥላ የሚያርፍበት ኖሯል። በዕቅዴ ውስጥ ፀሐይን አላካተትኋትም ነበር።

«አይ በርበሬዬ» አሉ፤ «ጥላ ውስጥ ተሰጥተሽ መቼ ልትደርቂ? የተማረ ሰው ፀሐይንም በተራ አደረጋት። የጎረቤት ዶሮ ቢረግጥሽ ይሻልሽ ነበር። ዶሮስ ረግጦ ያልፋል፤ ወረቀት ነው ተለጥፎ የሚቀር!»

አዴ ዲንቄ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ጆሯቸው ግን ሲዞር አየሁ ብል ይቀበሉኝ።

«ሞቲ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ነገ ማለዳ ውሃ ይመጣል። የቧንቧው ሆድ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ተራው የባርሲፍቱ ነው አሉ። እኔ ትልልቅ በርሜል አለኝ፤ ግን በባልዲ ሳመላልስ ትነቃብኛለች። ማል ጎና፣ ሞቲ? ምን እናድርግ?»

እትዬ ዘነበች አንዲት ዛላ በርበሬ አነሱ። ወደ ፀሐይ አቅንተው አይዋት።

«በርበሬዬ» አሉ፤ «ያ ረጅሙ የውሃ ጎማችን ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ተጋድሟል። በሩም አይቆለፍ። እኔ እንደሁ እንቅልፌ ከባድ ነው፤ ማን እንደወሰደው በምን አውቃለሁ? ብቻ ሲመለስ የእኔም በርሜል ሞልቶ ባገኘው፣ የእግዜር ሥራ ነው ብዬ አልፋለሁ።»

«ሰማህ፣ ሞቲ?» አሉ አዴ ዲንቄ። «እግዜር ይሠራል።»

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ወዳጄ፣ ውል ተዋዋሉ እኮ! ሳይተያዩ! ሳይጨባበጡ! ሃያ ገጽ ሙሉ ሆቴል ውስጥ አስቀምጬ ማስማማት ያቃተኝን እነዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ዶሮና በአንድ ዛላ በርበሬ ጨረሱት። አይዋደዱም። አይተማመኑም። እያንዳንዳቸው «ያቺን ሴት ለራሴ ጥቅም አዋልኳት» ብለው ነው የሚያስቡት። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቧንቧው በላይ ተለጥፎ የሚያበሳጫቸው። ለምን ተስማሙ ያለው አርታኢ ይኸው መልሱ! ሰው ከጠላቱ ጋር የሚስማማው ጠላቱን ስለወደደ አይደለም፤ ከጠላቱ የባሰች ስለመጣችበት ነው።

በማግስቱ ማለዳ ጀሪካኔን ይዤ በተራዬ ቧንቧው ጋ ቆምሁ። ከፈትሁት። «ፍስስ» አለና አንዲት ጠብታ አውጥቶ ተሰናበተኝ። በግራ የአዴ ዲንቄ በርሜሎች እስከ አፋቸው ሞልተዋል፤ በቀኝ የእትዬ ዘነበችም እንዲሁ። ጎማው ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ተመልሶ ተኝቷል፤ ጫፉ ብቻ ይንጠባጠባል።

እኔ ባዶ ጀሪካን አቅፌ መሳቅ ጀመርሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቶለራ ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ አንዱን ዓይኑን ብቻ ገልጦ ወጣ።

«ምን ያስቅሻል? ውሃውስ?»

«ወሰዱት! ሁለቱ ተባብረው ወሰዱት!»

«እና ይህ ያስደስታል?»

«ቶለሬ፣ ምዕራፉ ተገኘ እኮ!»

«በምዕራፉ ልታጠብ?» አለና በአንድ ዓይኑ እየተደናበረ ወደ ቤት ገባ።

በሳምንቱ ምዕራፉን ከሥሩ ነቅዬ ጻፍሁት። ገመቹና ተሰማ አንድ ሻይ ቤት ገብተው ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ገመቹ የተዘጋ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ለሌለ ሰው ጮክ ብሎ ያወራል፤ «የወፍጮ ቤቷ ልጅ ሞተሯ ሊበላሽባት ነው አሉ፤ መለዋወጫው ያለበትን መጋዘን የሚዘጋ ሰው ቢኖር!» ተሰማም የራሱን የተዘጋ ስልክ ያነሳል፤ «የእኔ መጋዘን ነገ ቆጠራ ላይ ነው፤ ይዘጋል» ይላል ለማንም። ሂሳባቸውን ለየብቻ ከፍለው ይወጣሉ። እየጻፍሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አርታኢው ደወለ። ያ ለስላሳ ድምፅ ጮኸ! «አመንኳቸው! መምህርት፣ አመንኳቸው! ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር ስልክ የሚያወራ ሰው እጠረጥራለሁ።» ደስታዬ ጣሪያ ነካ። ትንሽ ቆይቶ ግን «አንድ ነገር ብቻ» አለ። በሕይወትዎ «አንድ ነገር ብቻ» ተብሎ ቀላል ነገር ሲከተል አይተው ያውቃሉ?

«መጨረሻቸው አያስኬድም። ሲፈን አዳራሽ ውስጥ ንግግር ታደርግና ሁለቱ ተጸጽተው ያለቅሳሉ። በተዘጋ ስልክ የሚያሴር ሰው በንግግር አያለቅስም። ይህ ትብብር በምን እንደሚፈርስ ያሳዩን። ክረምቱ እንደሆነ ደርሷል።»

እውነቱን ነው። በምን ይፈርሳል? ቀላል ነው አልሁ፤ የግቢዬን ክፉዎች መጠበቅ ነው። ሲፈርሱ አይቼ መገልበጥ።

አልፈረሱም! ይባስ ብሎ ለመለሙ። መርሐ ግብሩ አንድ ቀን ጠፋ፤ ቆይቶ የአዴ ዲንቄ የእርጎ ማሰሮ ክዳን ሆኖ አየሁት። የኖራው መስመር ተጠረገ። ሞቲ ተፈታ። በርበሬው ፀሐይ ፍለጋ እየሰፋ እየሰፋ እኔ በር ድረስ መጣ፤ ለመውጣት መዝለል ነበረብኝ። ሞቲ እንደ ልማዱ በርበሬው ላይ ሲራመድ እትዬ ዘነበች «ሂድ የኔ ጌታ፣ ወደ ባርሲፍቱ በኩል ሂድ» ይሉታል። በየማለዳው ውሃው አለቀ። ሰማዩ ከቀን ወደ ቀን ጠቆረ፤ የመጽሐፌ ተራ እየራቀ ሄደ፤ ቶለራ በመደብሩ በአልኮል ፊቱን ማበስ ጀመረ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። አዲስ መርሐ ግብር አወጣሁ፤ ለእትዬ ዘነበች ብቻ የምሥራቁን ፀሐያማ ጥግ ሰጠሁ። ለአዴ ዲንቄ ምንም። ቅናት ያፈርሳቸዋል ብዬ ነዋ! እትዬ ዘነበች አነበቡት። ወደ በርበሬያቸው ዞሩ።

«በርበሬዬ፣ አየሽልኝ? ሊለያዩን ነው።»

«ሞቲ» አሉ ከወዲያ አዴ ዲንቄ፤ «ይህቺ ልጅ ክፋቷ የተማረ ነው።»

እኔ ነኝ እንግዲህ ክፉዋ! የሰላም ዕቅድ ያወጣሁት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በመጨረሻ ቶለራ መረረው። ሳይነግረኝ ጃርሱማ ጠራ፤ የአገሩን ሽምግልና። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦቦ ፈይሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በራችን ላይ ቆሙ። ኦቦ ፈይሳ በሰፈሩ ጠብ ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ደጅ ሲቆሙ «እሺ» ካልተባሉ አይቀመጡም፤ ካልተቀመጡ ደግሞ ነውሩ የእርስዎ ነው። እሺ አልን። አቮካዶው ሥር አግዳሚ ወጣ። ኦቦ ፈይሳ «ነጋ» አሉ፤ ሰላም ማለታቸው ነው፤ ሁላችንም «ነጋ» አልን። ሞቲ ሳይቀር ጮኸ።

እኔ አቤቱታዬን በመግቢያ፣ በዝርዝርና በማጠቃለያ ከፍዬ አቀረብሁ። ኦቦ ፈይሳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው፤ «ይሄ ክስ ነው ወይስ ሴሚስተር?»

ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ባርሲፍቱ ተማክራችሁ ውሃዋን እንደወሰዳችሁባት ትናገራለች። እውነት ነው?»

«ተማክራችሁ?» አሉ አዴ ዲንቄ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ከማን ጋር? ከእሷ ጋር? እኔ አላናግራትም!»

«እኔ ከእሳቸው ጋር ልማከር?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ቁርባኔን! ሰላም ተባብለንም አናውቅ። ግቢው ሁሉ ምስክሬ ነው፤ ይቺው መምህርትም ትመስክር።»

ወዳጄ፣ ምን ልበል? መሰከርሁ። እውነት ነው፤ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የገዛ ክሴን በገዛ አፌ ቀበርሁት። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ሳቁን ለመደበቅ ጋቢውን አፉ ላይ ጎተተ።

ኦቦ ፈይሳ ግን አልሳቁም፤ ደነገጡ እንጂ። «በአንድ ግቢ እየኖራችሁ ሰላምታ የላችሁም? እንግዲያ የውሃው ነገር ይቆይ። ትልቁ ጠብ ይህ ነው!» አሉ። የእኔ ጉዳይ በይደር ተያዘ። እስከ ዛሬም እንደተያዘ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ ያዙ። ብዙ ተባለ፤ ዶሮው ተወቀሰ፣ በርበሬው ተካሰ። በመጨረሻ ተነስተው ይቅር ተባባሉ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። አዴ ዲንቄ ጩምቦ አቀረቡ፤ ያውቁት የለ፣ በቅቤና በእርጎ የራሰ የጤፍ ቂጣ። እትዬ ዘነበች በርበሬ ጨመሩበት። ከአንድ ገበታ ቆረሱ። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል አልዋሽም፤ ግማሹ ከበርበሬው ቢሆንም።

ኦቦ ፈይሳ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ከእንግዲህ የምትነጋገሩት አፍ ለአፍ ነው። ዶሮውም ይረፍ፣ በርበሬውም ይረፍ።»

«እሺ» አሉ ሁለቱም፤ አፍ ለአፍ።

ጩምቦው ላይ አቀረቀሩ። አዲስ ንግግር ማንም ወዲያው አይለምደውም።

«ዘነበች» አሉ አዴ ዲንቄ በፈገግታ፤ «እንዲያው ያን የጎማውን ነገር ባላስበው ኖሮ እስካሁን በጥም አልቀን ነበር፣ አይደል?»

እትዬ ዘነበች መጉረሳቸውን አቆሙ። «ማን ነው ያሰበው?»

«እኔ ነኛ።»

«ጎማው የማን ሆነና?»

«ጎማ ያለው ሁሉ ያስባል እንዴ? ውሃው እንደሚመጣ የሰማው የማን ጆሮ ነው?»

«ጆሮማ ዶሮውም አለው!»

«ዶሮዬን በአፍሽ እንዳትጠሪ!»

«አፍ ለአፍ ተነጋገሩ ተብለን አይደል? በሌላ በምን ልጥራው?»

«ወረቀቱን ማሰሮ ላይ መክደኑንስ ማን አሰበው? እኔ!»

«ማን ገንጥሎ በርሽ ላይ ጣለልሽና? እኔ!»

ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ መሀል ገቡ፤ አልሆነም። ያንን ሁሉ ሳምንት እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ሴራ፣ ማን ቀድሞ አሰበው በሚል ከጩምቦው ጋር አብሮ አለቀ። ኦቦ ፈይሳ አናታቸውን ይዘው «አፍ ለአፍ ያልሁ እኔ ነኝ፤ አፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳልጠይቅ» አሉ።

እኔ የት ነበርሁ? ብዕር ፍለጋ ቤት ውስጥ። እየበረርሁ ተመልሼ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ መጻፍ ያዝሁ። ቶለራ በሐፍረት «ሽማግሌ ፊት!» አለኝ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«ልብ ወለድ ነው፣ ኦቦ።»

«እኛም አለንበት?»

«ሳይኖሩበት አይቀሩም።»

ኦቦ ፈይሳ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጧቸው» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፤ ድምፃቸው ተለውጦ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው።

በቃ። መጽሐፉ መጨረሻ አገኘ። ሲፈን ንግግሯን ተወችው፤ በሱ ፋንታ ለገመቹና ለተሰማ ሽማግሌ ላከች። ታረቁ። በዕርቁ ገበታ ላይ ሴራውን ማን እንደጠነሰሰው መከራከር ጀመሩ፤ በአገር ፊት የሠሩትን ሁሉ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያሉ ዘከዘኩት። ሲፈንም ወፍጮ ቤቷን አዳነች። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮአችንን ሳይመታ ረቂቁን ላክሁ። ጠብ የሚያስተባብር፣ ዕርቅ የሚያፋርስ መሆኑን ያወቀ ደራሲ ከእኔ በፊት ነበረ ብዬ አላምንም ነበር፤ እንዲያ ነበር የታበይሁት።

አርታኢው ደወለ። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ለስልሷል።

«ክፉዎቹን አምኛቸዋለሁ» አለ። «እንዲያውም ወደድኳቸው። ሲፋረሱ አዘንሁ። አንድ ነገር ብቻ።»

«ምን?»

«ሁለቱ ይህቺን ሲፈንን እስከዚያ ድረስ እንዴት ታገሷት?»

«ምን ማለትዎ ነው? ባለታሪኳ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ። ደጁን በኖራ ስታሰምር እኔ ራሴ መጋዘን ልዘጋባት ዳዳኝ።»

«ለሰው ስታስብ ነው የምታሰምረው!»

«ማን አስቢልኝ አላት?» አለ፤ ያ ጨዋ ሰው። «መምህርት፣ ሲፈንን ክፉዋ ያድርጓት፤ ሁለቱ ያሸንፉ። ዛሬ እሺ ካሉኝ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ስልኩን ዘግቼ በንዴት ጓዳ ገባሁ። ቶለራ የረቂቁን ቅጂ ጭኑ ላይ አድርጎ ያነባል። አንብቦ እስኪጨርስ አልጠይቀውም ብዬ ስለነበር አርታኢው ካለው አንድም ቃል አልነገርሁትም። ቀና ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ የምልሽ» አለኝ፤ «ሁለቱ ይህቺን ሲፈንን እስከዚያ ድረስ እንዴት ታገሷት?»

ቃል በቃል! ስልኩን ተቀብዬ ፈተሽሁ። አልተደዋወሉም። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ነቀምቴ፤ አይተዋወቁም፤ በዶሮም በበርበሬም አልተላላኩም። መጽሐፌን ከማጣ ብዬ ተረታሁ፤ ሲፈን ክፉ ሆነች፤ ገመቹና ተሰማ አሸነፉ፤ መጽሐፉም ማተሚያ ቤት ገባ። የእነዚህን የሁለቱን ወንዶች ትብብር ግን ታሪኩ ውስጥ አላስገባሁትም። ማን ያምነኛል?